ሃያ ሁለት ክሬዮንና አንድ ሜትር

ዓርብ፣ ኦክቶበር 3

ዛሬ ለወላጆች የሚላከው ወረቀት ወጣ። የሃሎዊን ሰልፍ ዘንድሮም አለ፤ ልጆቹ ልዩ ልዩ ነገር መስለው፣ ኮስቲዩም ለብሰው ይሰለፋሉ። ሕጉ እንደ አምናው ነው። ጭንብል የለም፣ የጦር መሣሪያ መጫወቻ የለም፣ ደም የለም። ቤት የተጋገረ ነገር አይመጣም። የሚበላ ከሆነ ፋብሪካ ያሸገውና ከምን እንደተሠራ የተጻፈበት ብቻ።

የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነኝ፤ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ። 23 ልጆች አሉኝ። ሃሎዊን ሲባል ሌላው ሰው ዱባ ይታየዋል። እኔ የሚታየኝ ጠዋት ኮስቲዩም ሳይለብስ መጥቶ በር ላይ የሚቆም ልጅ ነው።

በየዓመቱ ሁለት ሦስት አይጠፉም። የአንዱ እናት ሁለት ሥራ ስለምትሠራ ቀኑ ተረስቷል። አንዷ ኮስቲዩሙ 35 ዶላር ሆኖ ቀርቶባታል። አንዱ ማታ ለብሶት ተኝቶ ቀዶታል። ሌላው ደግሞ ቤተሰቡ በዓሉን አይፈልገውም፤ ለእኔ ግን የነገረኝ የለም።

እስከ ዛሬ መፍትሔዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ካርቶን ነበር። ሁለት ካባ፣ አንድ የድመት ጆሮ፣ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ቆብ። ችግሩ ካርቶኑ ሲከፈት ክፍሉ በሙሉ ያያል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። "አመሰግናለሁ" ይላል፣ ድምፁ ግን ከጉሮሮው አይወጣም። ካርቶኑን የዘጋሁ ዕለት ሁሉ ራሴን እታዘባለሁ።

ዘንድሮ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ክፍሉ በሙሉ አንድ ነገር ቢሆንስ? ማንም ምንም አይግዛ፤ እዚሁ ክፍል ውስጥ እንሥራው። ታዲያ ምን እንሁን ብዬ ጠረጴዛዬን ቃኘሁ። ክሬዮን፣ ልጆች የሚቀቡበት የሰም ከለር፣ ሞልቶበታል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 5

ዛሬ ሥራው ወረቀት ላይ ነበር።

ክሬዮን ለሚሠራው ሰው የሚያዝን ነገር ነው። ያለው ቀጥ ያለ ግንድና ሾጣጣ ጫፍ ብቻ ነው። ግንዱ ከትከሻ እስከ ጉልበት የሚወርድ እጅጌ የሌለው ልብስ ይሆናል። ጫፉ ኮፍያ። ላይና ታች ጥቁር መስመር፣ ደረት ላይ የቀለሙ ስም። ልብስ ስፌት የማይችል ሰው ይሠራዋል። እኔም አልችልም።

ስንት ቀለም? ወደ መጀመሪያው ሳጥን ሄድኩ። ክራዮላ የሚባለው የክሬዮን ዓይነት በ1903 ገበያ ሲወጣ ሳጥኑ 8 ቀለም ነበረው፤ ዋጋው 5 ሳንቲም። ጥቁር፣ ቡናማ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ዛሬ 120 የሚይዝ ሳጥን አለ። 120 ዓይነት ጨርቅ ግን ከኪሴ አይወጣም። 8 ይበቃኛል።

ከ23ቱ አንዱ አይለብስም። ቤተሰቡ የይሖዋ ምስክሮች ናቸው፤ እናቱ ትምህርት እንደተጀመረ መጥታ በትሕትና ነግራኛለች። ልደትም፣ ሃሎዊንም፣ የገና ዛፍም የለም። ስለዚህ ክሬዮኖቹ 22 ናቸው። ስድስቱ ቀለማት ሦስት ሦስት ልጅ፣ ሁለቱ ደግሞ ሁለት ሁለት።

ጨርቁ ፌልት ነው። ሲቆረጥ ጠርዙ አይተረተርም፣ መዘምዘም አያሻውም። ድሮ ጆአን ከሚባለው የጨርቅ ሱቅ ነበር የምገዛው። ጆአን ዘንድሮ፣ በ2025፣ ቅርንጫፎቹን በሙሉ ዘግቶ ከገበያ ወጣ፤ የማውቃቸው አስተማሪዎች ሁሉ ዘመድ እንደሞተባቸው ነው የሚያወሩት። ሌላ ሱቅ ያርዱን፣ 91 ሳንቲሜትር ማለት ነው፣ በ5 ዶላር ከ50 አገኘሁ።

የዚህ ጨርቅ ስፋት 72 ኢንች ነው፤ 183 ሳንቲሜትር ማለት ነው። ለአንድ ልጅ ከፊት 60፣ ከኋላ 60፣ ባንድ ላይ 120 ሳንቲሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ወርዱ 45። ርዝመቱን በጨርቁ ስፋት ላይ ካጋደምኩት ከአንድ ያርድ ተኩል ሦስት ልብስ ይወጣል። ትርፉ ለኮፍያ ይሆናል። 8 ጊዜ አንድ ተኩል፣ 12 ያርድ። 66 ዶላር።

ሙጫውና ላስቲኩ ገና ነው። መንግሥት አንድ መምህር ለክፍሉ ከኪሱ ካወጣው ላይ በ2025 እስከ 300 ዶላር ታክስ ከሚሰላበት ገቢው እንዲቀንስ ይፈቅድለታል። ደረሰኙን ፖስታ ውስጥ ከተትኩ። ፖስታው ከወዲሁ አልዘጋ ብሏል።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ልጆቹ ቀለም መረጡ። ሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ውስጥ ባር ግራፍ ስላለ ምርጫውን ትምህርት አደረግነው። ሰማያዊ 7፣ ሐምራዊ 6፣ ቀይ 5፣ ጥቁር 3፣ አረንጓዴ 1። ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቡናማ ባዶ።

ቢጫና ብርቱካናማ አላስጨነቁኝም። በዕጣ ይፈታሉ። ቡናማው ነው የከነከነኝ። አንዱ ልጅ "ቡናማ ያስጠላል" አለ። ከክፍሌ ልጆች አብዛኞቹ ከኤልሳልቫዶር፣ ከጓቲማላ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከካሜሩን ቤተሰብ የመጡ ናቸው። ራሳቸውን ሲስሉ የሚያነሡት ክሬዮን እሱ ነው።

መስበክ አልፈለግኩም። የሰባት ዓመት ልጅ ስብከትን ከሩቅ ነው የሚሸተው። አንድ ነገር ብቻ ነገርኳቸው። "በእኔ ቋንቋ ይሄ ቀለም 'ቡናማ' ነው የሚባለው። ቡና ማለት ኮፊ ነው። ቡና ቡና የሚል ቀለም ማለት ነው።"

ከኋላ ወንበር አንዷ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ወላጆቿ የኤልሳልቫዶር ሰዎች ናቸው። "ሚስ! እኛም እኮ ካፌ ነው የምንለው!" እውነቷን ነው። በእነሱ ስፓኒሽ ቡናማ ቀለም "ካፌ" ነው። ሁለት አገር፣ ሁለት ቋንቋ፣ ሳይመካከሩ አንድ ስኒ ውስጥ ገቡ።

ወዲያው ስድስት እጅ ወጣ። ቡናማ የሚደርሰው ለሦስት ልጆች ብቻ ስለሆነ ቡናማም ዕጣ አስፈለገው። ዕጣ ያልወጣለት አንዱ አኮረፈ። እኔ ደግሞ ማኩረፉ ደስ አለኝ፤ አስተማሪ አንዳንዴ ክፉ ነው።

በዚሁ ሳሉ አንድ የድሮ ነገር ነገርኳቸው። ክራዮላ ውስጥ "የሥጋ ቀለም" የሚባል ክሬዮን ነበር። የነጭ ሰው ቆዳ የሚመስል ነበርና በ1962 ስሙ ተቀይሮ "ኮክ" ተባለ፤ ፍሬውን ማለታቸው ነው። በ2020 ደግሞ 24 የቆዳ ቀለማት ያሉት ሳጥን ወጣ። እሱ ሳጥን ክፍላችን ውስጥ አለ፣ ቶሎ ቶሎ የሚያጥረው ሳጥንም እሱ ነው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

የራስ ዙሪያ ልኬት። የልብስ ሰፊ ሜትር አመጣሁ፤ ያ ቢጫው፣ የሚጠቀለለው። ሁለት ሁለት ሆነው እንዲለካኩ አደረግኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሜትሩ መጎተቻ ገመድ ሆነ። አንዷ "89 ሳንቲሜትር" ብላ ጻፈች።

ያን ጊዜ ነው ያ የማይለብሰው ልጅ የመጣው። እናቱን ትናንት ጠይቄያታለሁ። "መለካት ሒሳብ ነው፣ ምንም ችግር የለውም። ልብሱ ላይ ግን እጁን አያስገባ" ብላኛለች። ጥርት ያለ መልስ ነው፤ እንደዚህ ያለ ወላጅ ሥራ ያቀላል።

ሜትሩን ከጓደኞቹ ተቀበለ። ከቅንድብ በላይ አደረገ፣ ከጆሮ በላይ አሳለፈ፣ ወደ ኋላ ዞረና ሜትሩ እንዳይጣመም በአውራ ጣቱ ያዘው። ቁጥሩን ካነበበ በኋላ ፈታውና እንደገና ለካ። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ሦስተኛ ይለካል። 22ቱንም ለካቸው። ወረቀቱን በማስመሪያ አስምሮ ስምና ቁጥር ጻፈበት። ትንሹ 49፣ ትልቁ 54።

ወረቀቱን ተቀብዬ ዓይኔን ጣል አደረግኩበትና "እንግዲያው መሐሉን 52 እንበለው" አልኩ።

"ሁሉም 52 አይደሉም እኮ፣ ሚስ።"

"ላስቲክ እናደርግበታለን።"

ምንም አላለም። ሜትሩን ጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

የሳሎን ወለል ላይ 12 ያርድ ፌልት። ባለቤቴ ቡናውን ይዞ በግድግዳ ጥግ ጥግ ነው የሚሄደው።

ልብሶቹ ቀላል ነበሩ። ጨርቁን ከሁለት ማጠፍ፣ እጥፋቱ መሐል ላይ ለአንገት ክብ መቁረጥ፣ ጎንና ጎኑን ከብብት በታች ማጣበቅ። ለክቡ ቤት ያለች ትንሽ ሳሕን ደፋሁና በጠመኔ አዞርኩ። ስድስቱን እንደ ዳቦ ቆረጥኳቸው።

ከዚያ የራሴን ልጅ ጠርቼ አለበስኳት። ጆሮዋ ጋ ቆመ። ሳብ አደረግኩት። ጮኸች።

ሳሕኑን ለካሁት። 15 ሳንቲሜትር። ይሄ በ3.14 ሲባዛ ዙሪያው 47 ይመጣል። ትንሹ ራስ 49 ነው ብሎ ያ ልጅ ጽፎልኝ የለ? ፌልት ደግሞ እንደ ካናቴራ አይለጠጥም። ለሒሳብ አስተማሪ ነውር ነው። ስድስቱንም ከኋላ 8 ሳንቲሜትር ወደ ታች ሰነጠቅኳቸው፣ ሆነ። ቀሪዎቹን ከመጀመሪያውም እንደዚያው። ስንጥቁ ራሱ ማውለቅ አቀለለው፤ ሽንት ቤት የሚያስቸኩለው ልጅ ያመሰግነኛል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 12

ኮፍያ። ዛሬ ሁለት ጊዜ ሠራሁት።

ሾጣጣ ነገር ከክብ ቁራጭ ተጠቅልሎ ነው የሚሠራው። የመጀመሪያውን ከሩብ ክብ አወጣሁት። ዙሪያው 52 እንዲሆን የሩቡ ክብ ሬዲየስ 33 ሳንቲሜትር መሆን አለበት። ጠቀለልኩት፣ አጣበቅኩት፣ ጥቁሩን ልጄ ራስ ላይ አደረግኩት። ቁልጭ ያለች ጠንቋይ! መጥረጊያ ብቻ ነው የቀራት።

ይሄ ልጅ ራስ ላይ ሆኖ የወላጅ ስልክ ላይ ፎቶው ሲደርስ ምን እንደሚከተል አውቃለሁ። አፍርሼ ከግማሽ ክብ ሞከርኩ። 52 ለ3.14 ሲካፈል 16 ተኩል ገደማ ነው። ሬዲየሱ 16 ተኩል የሆነ ግማሽ ክብ፣ ለማጣበቂያ 2 ሳንቲሜትር ተጨምሮበት። አሁን ቁመቱ አጠረ፣ ጫፉም ደንደን አለ። የክሬዮን ጫፍ ሆነ። ውስጡን በወፍራም ፖስተር ወረቀት ደገፍኩት፣ ካልሆነ ፌልቱ እንደ ሽሮ ይተኛል።

አንድ ቅርጽ ከካርቶን ቆረጥኩና 22 ጊዜ አዞርኩበት። አንድ መጠን። ጊዜ ይቆጥባል።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ከትምህርት በኋላ አንዲት እናት ደወለች። የእኛው አገር ሰው ናት። ድምፅዋ ውስጥ ጭንቀት ነበር።

"ቲቸር፣ እንደምን ዋሉ? ይቅርታ፣ አስቸገርኩዎት።"

"ኧረ ምንም አይደል። እንዴት ነዎት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ይሄ ሃሎዊን የሚሉት ነገር... ልጄን ቤት ላስቀራት ነው። የሙት መንፈስ ነው ይላሉ። በዚያ ላይ ቀኑ ዓርብ ነው። በእኛ ደግሞ ጥቅምት 21፣ የማርያም ቀን ነው። በማርያም ቀን ልጄን ጋኔን አላለብሳትም።"

"እሷ ብርቱካናማ ክሬዮን ናት።"

"ምን ናት?"

"ከለር። ልጆች የሚቀቡት። ክፍሉ በሙሉ ከለር ነው የሚለብሰው።"

ዝም አለች። ከዚያ ሳቋ መጣ። "ከለርማ ምን ያደርጋል!"

ስለ ስሙም አወራን። ሃሎዊን ማለት የቅዱሳን ዋዜማ ማለት ነው፤ በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ኖቬምበር 1 የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነው፣ ዋዜማው ኦክቶበር 31 ይውላል። ከዚያ በፊት አየርላንድ አካባቢ የመኸር ማብቂያ በዓል ነበር። ዱባ መፈልፈሉንም አይሪሾች ይዘውት የመጡት ነው፤ እነሱ አገር ሳሉ ግን የሚፈለፍሉት ቀይ ሥር የመሰለ የሥር አትክልት ነበር።

"ታዲያ ቅዱሳኑ የት ሄዱ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት "ከረሜላውስ? ልጅቷ ሰባት ዓመት ሞላት፣ ዘንድሮ ዓርብና ረቡዕ መጾም ጀምራለች" አለች። እሱን አላሰብኩበትም ነበር። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ፦ ከረሜላ፣ ወተት።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ሌሊቱን ማጣበቅ። ሙጫ አቅልጦ የሚተፋውን ሽጉጥ መሰል መሣሪያ ገዛሁ፤ ሙቀቱ ዝቅ የሚለውን ዓይነት። ዝቅ ይላል ቢሉም አመልካች ጣቴ ዋጋዋን አግኝታለች።

እጅ ሲሠራ አፍ ያወራል። ከልጄ ጋር የድሮውን አነሣን።

አሜሪካ የመጣሁበት የመጀመሪያው ኦክቶበር። አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ማታ በሩ ተንኳኳ። እንግዳ መጣ ብዬ ከፈትኩ። አንድ አፅም፣ አንዲት ንብና አንድ በጣም ትንሽ የፖሊስ አዛዥ ቆመዋል። ሦስቱም ባልዲ ዘርግተዋል። "ትሪክ ኦር ትሪት" አሉኝ፤ የሃሎዊን የከረሜላ ልመና ነው። ምን እንደሚሉኝ ባይገባኝም የተዘረጋ ዕቃ ይገባኛል። እኔ ራሴ በቡሄ ከወንድሞቼ ኋላ ተከትዬ ሆያ ሆዬ ሲሉ "ሆ!" እያልኩ አድጌያለሁ፤ በር ተከፍቶ ሙልሙል ሲወጣ የነበረውን ደስታ አውቀዋለሁ። ቤት ውስጥ ከረሜላ አልነበረኝም። እናቴ የላከችልኝ ዳቦ ቆሎ ነበረኝ። በእጄ እየዘገንኩ ለሦስቱም ባልዲ ውስጥ ጨመርኩላቸው።

አፅሙ ባልዲውን አየ። እኔን አየ። እናቱ ከኋላ ሆና ፈገግ አለች፤ ያ የአሜሪካ ፈገግታ፣ ጥርስ ብቻ። ደረጃው ላይ ሲወርዱ የዳቦ ቆሎ ወለል ላይ ሲበተን ሰማሁ።

ሁለት ቀን አኮረፍኩ። በኋላ ነው የገባኝ። እዚህ አገር ያልታሸገ ነገር ከማያውቁት ሰው አይቀበሉም። ከረሜላ ውስጥ መርዝና ምላጭ ይከታሉ የሚል ፍርሃት አለ። ጆኤል ቤስት የሚባል የሶሲዮሎጂ ምሁር ከ1958 ጀምሮ ያሉትን ዜናዎች ሲያገላብጥ ኖሯል፤ የማያውቁት ሰው በበር በሰጠው ከረሜላ ልጅ መግደሉ የተረጋገጠበት አንድም ጉዳይ አላገኘም። ፍርሃቱ ግን እንዳለ ነው። እኔም አሁን የልጄን ባልዲ በመብራት ሥር እፈትሻለሁ። ዳቦ ቆሎ ባገኝ ግን የምጥለው አይመስለኝም።

ሁለተኛው ትዝታ ረዳት አስተማሪ በነበርኩበት ዓመት ነው። አንድ ወንድ ልጅ ኮስቲዩም ሳይኖረው መጣ፣ አለቀሰ። ሁለት ጥቅል የሽንት ቤት ወረቀት አምጥቼ ከእግር እስከ አንገቱ ጠመጠምኩት። የግብፅ ሬሳ ሆነ፣ ክፍሉ አጨበጨበለት። ንጉሥ ሆነ። ለሃያ ደቂቃ። ከዚያ ጆሮዬ ላይ "ሽንቴ መጣ" አለኝ። ሰልፉ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ቀርቶታል፣ ወረቀቱ ደግሞ ዙሩ ማለቂያ የለውም። በጊዜ አልደረስንም። የቀረውን ልጄ ስትስቅ ጨርሳዋለች።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21

14 ልብስ ተጠናቀቀ። ባለቤቴ ሌሊት ውሃ ሊጠጣ ተነሥቶ ሁለት ኮፍያ ረገጠ። አላሳረፍኩትም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23

ልኬት። ሁሉም ለበሱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍሉ ሲቆም ሳየው ደነገጥኩ፤ በእውነት ሳጥን ይመስላሉ።

አንድ ያልታሰበ ነገር ወጣ። የክሬዮኑ መስመር ጥቁር ነው ብለናል። ጥቁሮቹ ክሬዮኖች ላይስ? ጥቁር በጥቁር ላይ አይታይም። ከሦስቱ አንዱ "እኔ የተላጠ ክሬዮን ነኝ" ብሎ ተጽናናበት። ቢጽናናም ነጭ መስመር ለጠፍኩለት።

ደረታቸው ላይ የቀለሙ ስም በእንግሊዝኛ ነው። ጀርባው ላይ ግን እያንዳንዱ ልጅ በቤቱ ቋንቋ እንዲጽፍ ተውኩ። ብርቱካናማዋ ልጅ "ብርቱካናማ" የሚለውን ከእናቷ ጋር ጽፋ መጣች። ቃሉ ረዘመና "ማ"ዋ ብብቷ ሥር ገባች።

ኮፍያዎቹ ተቀመጡ። አንዳንዱ ትንሽ ይሽከረከራል፣ ላስቲኩ ግን ይዞታል። ያ ልጅ ከጠረጴዛው ሆኖ ያያል። ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 27

ከረሜላ። ሱቅ ውስጥ አንድ ሰዓት ቆሜ የጀርባ ጽሑፍ አነበብኩ። አጠገቤ ላለችው ሴትዮ ዕቃ ቆጣሪ መስያታለሁ።

መስፈርቶቼ አራት ናቸው። ኦቾሎኒ የለበትም፤ ሁለት ልጆች አለርጂ አለባቸው። ጄላቲን የለበትም፤ ከአሳማ ሊሆን ስለሚችል ሙስሊም ቤተሰቦች አይፈልጉትም። ወተት የለበትም፤ ዓርብ ነው። እና ዋጋው የሰው ዋጋ ይሁን።

ቸኮሌት በሙሉ በወተቱ ወደቀ። አልከፋኝም፤ ኮኮዋ በ2024 መጨረሻ ቶኑ ከ12 ሺህ ዶላር በላይ ከወጣ ወዲህ ቸኮሌት የወርቅ ቤት ዕቃ ሆኗል። ስታርበርስት የአሜሪካው ጄላቲን አለበት፣ ወደቀ። ካንዲ ኮርንም በዚያው ወደቀ፤ እሱስ ባይወድቅ እኔ እጥለው ነበር፣ ሻማ እንደ መላስ ነው። ስኪትልስ አለፈ። ስማርቲስ አለፈ፤ እዚህ አገር ስማርቲስ የሚባለው ክኒን የመሰለው ነው፣ እንግሊዝ ያለው ቸኮሌት ነው። ደምደምስ የሚባለው ባለ እንጨቱ ከረሜላም አለፈ።

ስማርቲስና ደምደምስ ገዛሁ። ከዚያ እርሳስና ተለጣፊ ስዕል ለሌላ ሳሕን። አረንጓዴ ያዘለ ሰማያዊ ዱባ በር ላይ የሚያስቀምጡ ቤቶች አይታችሁ ይሆናል። ትርጉሙ እዚህ ቤት የማይበላ ስጦታም አለ ማለት ነው። ለአለርጂ ልጆች ተብሎ በ2014 በመላው አገር የተጀመረ ነገር ነው። ክፍሌ በር ላይም አንድ አስቀመጥኩ።

ለዚያች እናት "የተገዛው ሁሉ የጾም ነው" ብዬ መልእክት ላክሁ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ እናት" ብላ መለሰች። ከ"እርስዎ" ወደ "የኔ እናት" ገባን።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 31

ጠዋት ኮስቲዩም የሌለው ልጅ በር ላይ አልቆመም። አንዱ ሸረሪት ሰው ለብሶ መጣ፤ ክሬዮኑን ከላይ ደረበበት። እጅጌ የሌለው መሆኑ ጠቀመ።

ያ ራስ የለካው ልጅ ዛሬ አልመጣም። እናቱ ቤት አስቀርታዋለች። ወንበሩ ላይ ሜትሩ ነበር፤ ትናንት ሲወጣ ትቶት ነው።

ሰልፉ ግቢውን ዞረ። ወላጆች አጥር ይዘው ቆመዋል። ብርቱካናማዋ ልጅ እናቷን ስታይ ጀርባዋን አዙራ አማርኛውን አሳየቻት። እናቷ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች፤ ከቅዳሴ በቀጥታ የመጣች ይመስለኛል። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣች። ደግማ አነሣች።

የሕንፃውን ጥግ ስንዞር ነፋስ መጣ። አራት ኮፍያ በረረ። አንዱ አስፋልቱ ላይ እንደ ኳስ ተንከባለለ፣ ሦስት ቡናማዎች ተከትለውት ሮጡ። ሰልፉ ተበተነ። ርዕሰ መምህርቷ ሳትስቅ ለመቆየት ያደረገችውን ትግል አየሁት።

ከሰዓት በኋላ ስማርቲስ በባር ግራፍ። ከዚያ ስማርቲስ በአፍ።

ማታ ከልጄ ጋር ሰፈራችንን ዞርን። ከ2007 ጀምሮ የአገሩ ሰዓት በአንድ ወደ ኋላ የሚመለሰው ኖቬምበር ከገባ በኋላ ስለሆነ ልጆች አንድ ሰዓት ተጨማሪ ብርሃን አላቸው። ቢሆንም 12 ሰዓት ከሩብ ላይ መሽቷል። አንድ ቤት በር ላይ ሁለተኛ ክፍል የሚማር ቀይ ክሬዮን አገኘሁ። ቤቱ ኮስቲዩም እያለው ያንን ለብሶ ወጥቷል። "ሚስ፣ እርስዎም ከረሜላ ይለምናሉ?" አለኝ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

ዓርብ መዋሉ መምህራንን አድኗል። አምና ሐሙስ ነበር፤ ማግሥቱ ክፍሉ በስኳር የሰከረ ሠርግ ቤት መስሎ ነበር የዋለው። ዛሬ ግን ኪስ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ወረቀት ብቻ።

ያ ልጅ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ መጣ።

"ኮፍያው ልክ መጣ?"

መዋሸት ይቻል ነበር። "አራቱ ወደቁ" አልኩት። "ነፋስ ነበር።"

መሳቢያዬን አሳየኝ፤ ወረቀቱ እዚያ እንዳለ ያውቃል። አውጥቼ ሰጠሁት። ጣቱን ከላይ ጀምሮ አወረደ። 49 ላይ ቆመ። ወረደ፣ 50 ላይ ቆመ። ሌላ 50። ሌላ 49። አራቱን ስሞች ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበባቸው።

"እነዚህ ናቸው?"

"እነሱ ናቸው።"

ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቱን መልሶ መሳቢያው ውስጥ አስገባው፣ ሜትሩን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ መጠቅለል ጀመረ።